ውረድ የምትለው ሐውልት

እናታችን ነሐስ ሆና ቲያትር ቤቱ በር ላይ ቆማ አላፊ አግዳሚውን ሁሉ «ውረድ» ትላለች። ይህን የምናውቀው እኔና ሁለቱ ወንድሞቼ ብቻ ነን። ሌላው ሰው ቀኝ እጇን ከራሷ በላይ ዘርግታ መዳፏን ወደ መሬት ስትደፋ ሲያይ «ጨረቃን ከሰማይ ስታወርድ» ነው የሚለው። ከሥሯ ባለው ድንጋይ ላይም እንደዚያ ተብሎ ተቀርጿል። የምን ጨረቃ? ታላቅ ወንድሜ ነው የመጋረጃ ገመድ ላይ የተንጠለጠለው።

ስናገር የተቆጣሁ እመስላለሁ፤ አትቀየሙኝ። ልብስ ሰፊ ነኝ። ቀኑን ሙሉ ከስፌት መኪናና ሆዳቸውን ወደ ውስጥ ስበው ከሚለኩ ደንበኞች ጋር ስነታረክ ስለምውል ድምፄ እንደዚህ ሆኖ ቀርቷል። ነገሩን ግን ከሥሩ ላስረዳችሁ።

እናታችንን ሕዝቡ «እንዝርት» ነበር የሚላት። በአንድ እግሯ ቆማ ስትሾር ቀሚሷ እንጂ እሷ አትታይም። ስለ ድምጿ ምንም አልልም፤ የሰማ ያውቀዋል፣ ላልሰማ ሰው ማስረዳት ውሃ መውቀጥ ነው። አባታችን የመጨረሻው ልጅ ገና በሆዷ ሳለ «መጣሁ» ብሎ ወጣ፤ እስካሁን በመምጣት ላይ ነው። እኛን የምትተውበት ሰው ስላልነበራት ሦስታችንንም አስከትላ ሥራ ትገባ ነበር። ከመድረኩ በስተግራ፣ ከመጋረጃው ጀርባ፣ ገመድና ሣጥን የተከማቸበት ጨለማ ቦታ አለ። ያደግነው እዚያ ነው። ሥራ አስኪያጁ ደግሞ «መድረክ ላይ ቆሞ ከልጆቹ ጋር የሚያወራ አርቲስት በማግስቱ ሥራ የለውም» ብሎ ቁርጡን ነግሯታል። ምን ታድርግ? አፏን ለሕዝቡ ሰጠች፣ እጇን ለኛ።

ታላቅ ወንድሜን ጦጣው ነው የምንለው። መሬት ላይ መቀመጥ አይሆንለትም ነበር። እሷ ዘፈኑን ስትጀምር እሱ ገመዱን ይጀምራል። ያኔ እጇ ወደ ላይ ይሄድና መዳፏ ይደፋል፤ ውረድ ማለቷ ነው። እኔ ደግሞ የቀሚሶቿን ቁልፍ እየበጠስኩ የማኝክ ልጅ ነበርኩ። ጣቶቿን ሰብሰብ አድርጋ ከንፈሯ ላይ ታሳርፍና ወደ ውጭ ትበትናቸዋለች፤ ትፊው ማለቷ ነው። ሕዝቡ ግን የተሳመ መሰለው። አዳራሹ ብድግ ብሎ ያጨበጭባል፣ ሴት ወንዱ እንባውን ይጠርጋል፣ እኔ ጨለማው ውስጥ ቁልፌን እተፋለሁ። ዛሬ ዘፋኝ የሆነ ሁሉ ዘፈኑን ሲጨርስ ሕዝቡን «ትፉት» ብሎ ነው የሚሰናበተው። ሙሽሮችም እንግዶቻቸውን ሲሉ አይቻለሁ።

«ለምን እውነቱን አትነግሪያቸውም?» ስንላት «ጨረቃ ሲያወርዱ ደስ ካላቸው ያውርዱ» ትለናለች። በስተርጅና ሐውልቱ ሲመረቅላት እንኳን ቀና ብላ አየችውና ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «ይሄ ልጅ ዛሬም አልወረደም?» አለችኝ።

ነገሩ ከልጅነት ጋር የሚቀር መስሎኝ ነበር። የት ይቀራል? አንዷ ሙሽራ ቀሚሷን ልትለካ መጥታ መስተዋት ፊት ስትሽኮረመም ያቺን የትፊውን ምልክት አደረገቻት። እኔ እግሯ ሥር ተንበርክኬ፣ አፌ ሙሉ ስፒል ይዤ ነበር። አንድ ሳይቀር ቀሚሷ ላይ ተፋሁት። የጦጣው ደግሞ ከኔ ይብሳል። የመብራት ሠራተኛ ሆኖ ምሰሶ ላይ እየወጣ ነው እንጀራውን የሚበላው። ከቲያትር ቤቱ ፊት ለፊት ያለው የመንገድ መብራት ሲበላሽ እሱን ላኩት። ወጣ፣ ግማሽ ላይ ሲደርስ ዘወር ቢል እናቱ «ውረድ» ትለዋለች። ወረደ። አለቃው ሲጠይቀው «ምሰሶው ጤነኛ አይደለም» አለ። ምሰሶውን ቀየሩት። ወጣ፣ ወረደ። አሁንም ቀየሩት። ደህና ምሰሶ በየጊዜው እየተነቀለ መንገዱ ጨለማ እንደሆነ ቀረ።

ትንሹ ወንድማችን ማሙሽ ነው። ሽበት አውጥቷል፣ ግን ማሙሽ ነው። ሰዓት ሠሪ ነው፣ ሱቁ ከቁም ሣጥን ብዙም አትሰፋም። ልጅ ሆኖ ከተቀመጠበት የማይነሳ፣ ካላናገሩት የማይናገር ነበር። እናታችን «ዝም አይነቅዝም፣ የኔ ልጅ» ትለዋለች። አዲስ ዘፈን ስታወጣ መጀመሪያ እሱ ላይ ነው የምትሞክረው፤ ካስተኛው ለመድረክ አይሆንም። እንቅልፉም የጉድ ነበር። አንድ ቀን ቲያትር ቤት ውስጥ ጠፍቶብን የት ብናገኘው ጥሩ ነው? የከበሮ ሣጥን ውስጥ ገብቶ ያንኮራፋል።

በመጨረሻዋ ሰሞን የእናታችን ድምጽ ጠፋ። እጇ ግን ብርድ ልብሱ ላይ ይሠራ ነበር። ጦጣው አምፖል ሊቀይር ወንበር ላይ ሲቆም፣ ውረድ። እኔ ክር በአፌ ይዤ ስገባ፣ ትፊው። ማሙሽን ግን፣ ሥራውን ዘግቶ ያስታመማትን ልጅ፣ ዝም ብላ ታየዋለች። እጇ አይንቀሳቀስም። ታየዋለች፣ ታየዋለች፣ ከዚያ ዓይኗን ትከድናለች። በዚያው አረፈች።

ሙት ዓመቷ ሲቃረብ ቲያትር ቤቱ ኮሚቴ አቋቁሞ መታሰቢያ ሊያዘጋጅላት ተነሳ። የውዝዋዜ ትምህርት ቤቱ ተማሪዎች ዋናውን ጭፈራዋን ከነዘፈኑ ሊያቀርቡ፣ እኛ ልጆቿ ደግሞ እያንዳንዳችን መድረክ ላይ ወጥተን ከሷ የምናስታውሰውን አንድ ነገር ልንናገር። ማሙሽ ሱቅ ሄጄ ነገርኩት።

«እናንተ ተናገሩ» አለኝ። ማጉያ መነጽሩ ዓይኑ ላይ ነው፣ እጁ የሰዓት ሆድ ዕቃ ውስጥ።

«አንተስ?»

«እኔ አልሄድም። ምን ብዬ ልናገር? ጦጣውን ውረድ አለችው። አንቺን ትፊው አለችሽ። እስከ መጨረሻዋ ቀን። እኔን ምን አለችኝ?»

«አንተማ ጨዋ ልጅ ነበርክ። ምን ትበልህ? የሚያስቆጣ ነገር አልሠራህም።»

«ቁጣውን ነበር የምፈልገው» አለ። ማጉያውን ከዓይኑ አወጣው። «አልጋዋ አጠገብ ተቀምጬ አሁን ትለኛለች፣ አሁን ትለኛለች ስል ሄደች። እኔ ትርፍ ነበርኩ። ለናንተ አንጀቷ ይንሰፈሰፋል፣ እኔ የት እንዳለሁም አታውቅም ነበር።»

አንጀቴን በላው። ላላለቀሰ ልጅ ጡት አይሰጥም የሚሉት እውነት ሆኖ ታየኝ፤ በሽበቱ ጡት የተከለከለ ልጅ ይመስል ነበር። ሲያሳዝነኝ ደግሞ የምናደድ ሰው ነኝ። «ያንተን ምልክት ከዚያ ጭፈራ ውስጥ ፈልቅቄ ካላመጣሁልህ ስሜን ቀይሩት» ብዬ በሩን ዘግቼ ወጣሁ። የሱቁ ሰዓቶች በሙሉ አንድ ላይ ደወሉ። ከዛቻዬ ጋር የተማከሩ መስሎኝ ትንሽ ደስ አለኝ።

በቀጥታ ወደ ውዝዋዜ ትምህርት ቤቱ ሄድኩ። መምህሩ የእናቴን እጆች ያጠና፣ ስለነሱም እንደ ጡብ የወፈረ መጽሐፍ የጻፈ ሰው ነው። አክብሮ ተቀበለኝ፣ ወንበር አምጥቶ አስቀመጠኝ፣ ተማሪዎቹን አሰለፈልኝ።

«እንግዲህ እህቴ፣ ይሄ የናፍቆት ሽታ ነው» አለ። ተማሪዎቹ በአውራ ጣታቸው አፍንጫቸውን ዳሰስ አደረጉ።

«አፍንጫህን ጥረግ ነው። የጦጣው ነው፣ እለፉት።»

«ይሄ ደግሞ የምድር ጥሪ።» ጭናቸውን መታ መታ አደረጉ።

«ሱሪህን ሳብ። እሱም የጦጣው ነው።»

«ይሄስ? የክንፏ እጥፋት?» ክንዳቸውን እያወዛወዙ ከደረታቸው ላይ አጠፉት።

«የቀሚሶቹን ሣጥን ዝጊ። የኔ ነው።»

መምህሩ ወንበር ፈልጎ ተቀመጠ። የሚያለቅስ መስሎኝ ነበር፤ ቀና ሲል ግን ፊቱ በርቷል። «ሱሪህን ሳብ» አለ ቀስ ብሎ፣ ጸሎት እንደሚደግም ሰው። «እስቲ አስቡት ልጆች። የሰው ልጅ ሁሉ ሱሪው ወርዷል። ይሄ በሁለተኛው መጽሐፌ ላይ ይወጣል።» ተማሪዎቹ በአንድነት ሱሪያቸውን ሳቡ። ከዚህ ሰው ጋር ምን ብዬ ልጣላ?

እንዲህ እያልን ጭፈራውን እስከ መጨረሻው ሄድንበት። ያለው ሁሉ ወይ የጦጣው ነው ወይ የኔ። ለማሙሽ የሚሆን አንዲት ጣት እንኳን ጠፋች። መጨረሻው አካባቢ ተማሪዎቹ በድንገት ቀጥ ብለው ቆሙ። ከበሮውም ቆመ። ሁሉም ፊታቸውን ወደ ግራ መልሰው፣ ዓይናቸውን ወደ መሬት ዝቅ አድርገው ቀሩ።

«ይሄ ታላቁ ዝምታ ነው» አለ መምህሩ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «አንዳንድ ቀን አጭር ነበር፣ አንዳንድ ቀን ረጅም፤ ለምን እንደሆነ የሚያውቅ የለም። በፊልም የተቀረጸው ቀን ከሁሉም ይረዝማል፣ ሰው ወንበሩን ይዞ ሲንቀጠቀጥ ይታያል። እኛም የያዝነው እሱን ነው። ሁለት ምዕራፍ ጽፌበታለሁ። ሞት ነው።»

«እጅ የለበትም» አልኩ። እጅ የሌለበት ነገር ምን ይተረጎማል? አለፍኩት። ማለፌን አሁን ሳስበው ራሴን በጥፊ ማለት ያምረኛል።

ባዶ እጄን መመለስ ስላልቻልኩ መንገድ ላይ ውሸት ሰፋሁ። ማሙሽ ጋ ገብቼ «አገኘሁልህ» አልኩት። «ጭኗን መታ መታ የምታደርገው ያንተ ነው። ማሙሽዬ፣ ና ማለቷ ነው።»

«እሱ ሱሪህን ሳብ ነው። የጦጣው ነው።»

«ታዲያ ክንዷን የምታወዛውዘውስ?»

«ሣጥኑን ዝጊ። ያንቺ ነው።» ለካስ የሁለታችንንም ምልክት ከኛ በላይ ያውቀዋል፤ ዳር ተቀምጦ ሲመለከት ኖሯላ። «ተይው፣ እታለም» አለኝ፣ እኔን እያጽናና። አሁን እኔ ልጽናና ሄጄ ነበር?

የቀረኝ አንድ ዘዴ ነበር። ማሙሽ ለራሱ ቁም ቢሉት አይቆምም፣ ለሰው ግን ይሮጣል። «እሺ አትናገር» አልኩት። «ግን አዳራሽ ውስጥ ስቀመጥ ከረሜላ ካልያዝኩ አይሆንልኝም፣ ታውቀኛለህ። ያ ሁሉ ተማሪ አንድ ላይ ትፊው ሲለኝ ትን ብሎኝ ብሞት ማን ጀርባዬን ይመታል? ጦጣው እንደሆነ ራሱ መድረሻ ያጣል።» «ለጀርባሽ ስል እመጣለሁ» አለ።

የመታሰቢያው ቀን አዳራሹ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞላ። የፊት ወንበሮች ለሹማምንት ተይዘው ስለነበር እኛ ከኋላቸው፣ በግራ በኩል፣ ሦስታችን ጎን ለጎን ተቀመጥን። ማሙሽ መሃል ነው፣ አንድ እጁን ለጀርባዬ አዘጋጅቷል። የድሮ ድምጿን ከፍ አድርገው ለቀቁት። እንዲህ ዓይነት ነገር አይነሳብኝም ብዬ ነበር የመጣሁት። ድምጿ ሲገባ ግን ጨለማው፣ ገመዱ፣ የሣጥኑ እንጨት ሽታ ሁሉ አብሮ ገባ። እናቴ ናፈቀችኝ። ሌላ የምለው የለኝም፣ ናፈቀችኝ።

ከዚያ ተማሪዎቹ ወጡና እጃቸውን ዘርግተው መዳፋቸውን ደፉ። ጦጣው የሚወርድበት ቦታ ስላጣ ከወንበሩ ወርዶ መሬት ላይ ተቀመጠ። ጣቶቻቸውን ከንፈራቸው ላይ አድርገው ሲበትኑ ከረሜላዬ ተስፈንጥሮ ከፊቴ የተቀመጠው ሹም መላጣ ላይ ተለጠፈ። ሰውየው ቀና ብሎ ጣሪያውን አየ። ማሙሽ ለጥንቃቄ ጀርባዬን ሁለቴ መታኝ።

ቀጥሎ ያ ዝምታ መጣ። ከበሮው ቆመ። ያ ሁሉ ተማሪ ፊቱን ወደኛ፣ ወደ ግራ መለሰ። ዓይናቸውን ዝቅ አድርገው ጨለማውን ይዳብሳሉ፣ የወደቀ መርፌ እንደሚፈልግ ሰው። ከሹሞቹ አንዱ ተናፈጠ። ዝምታው ረዘመ። ሰው ወንበሩ ላይ መቁነጥነጥ ጀመረ፣ መምህሩ ከመድረኩ ጥግ ሆኖ ዓይኑን ጨፍኗል። ጀርባዬ ቀዘቀዘኝ፤ የማሙሽ እጅ የለም። ዞር ብዬ ሳይ እጁ ተነስቷል። ክፍል ውስጥ መልስ እንደሚያውቅ ተማሪ ወደ ላይ ቀጥ ብሏል፣ እሱ ራሱም በመደነቅ ያየዋል።

ከበሮው ተመታ። ተማሪዎቹ ጭፈራውን ቀጠሉ። አጋጣሚ ነው ትሉኛላችሁ፤ በሉ፣ አልከራከራችሁም።

«ምን ሆንክ?» አልኩት በሹክሹክታ።

«ካላየሁህ አልጨፍርም ትለኝ ነበር» አለ። «ጨለማ ስለሆነ፣ ወደዚያ ስዞር እጅህን አንሳልኝ። ካየሁህ በኋላ ነው የምጨርሰው። እንዲህ ትለኝ ነበር፣ በጣም ትንሽ ሳለሁ። አሁን ነው ትዝ ያለኝ። እጄ ነው ያስታወሰው።»

እኔና ጦጣው ለካስ እጇን ብቻ ስናይ ነው ያደግነው። የምንቅበጠበጠው እኛ የት እንዳለን ማንም ያውቃል። የማይታየው እሱ ነበር፣ ዝም ያለው። ሁልጊዜ ቆማ የምትፈልገው እሱን ነበር። መምህሩ ሁለት ምዕራፍ የጻፈበት ሞት ማሙሽ ነው።

«ፊልም የተነሳ ቀን የከበሮው ሣጥን ውስጥ ተኝተህ ነበር» አለ ጦጣው ከመሬት። «እማዬ ቆመች ቀረች። ሰውም ዝም፣ ከበሮውም ዝም። እኔ ከገመድ ወርጄ ክዳኑን ከፍቼ እጅህን አውጥቼ አወዛወዝኩላት። ለምን እንዲያ እንዳደረግኩ አላውቅም፤ ዓይኗ አስፈርቶኝ ነው። ከዚያ ጨፈረች። ኧረ እንዴት አድርጋ እንደጨፈረች።»

ማሙሽ ደስ የሚለው መስሎኝ ፊቱን አየሁት። ፊቱ ግን ጠቆረ።

«አልጋ ላይ ሆናም አይታኝ ነበር» አለ። «በየቀኑ። እጄን እየጠበቀች ነበር። አላነሳሁላትም።»

እጁን ያዝኩት፣ ጦጣውም ከመሬት ሆኖ ጉልበቱን ያዘው።

ልጆቿ እንዲናገሩ ሲጠሩን ማሙሽ ከሁለታችን ቀድሞ ተነሳ። መድረኩ ላይ ወጣ፣ ማይኩ ፊት ቆመ። እጁን ብቻ አነሳ። ሰው ተያየ። ከዚያ አንድ ሰው ከኋላ እጁን አነሳ፣ ቀጥሎ ሌላው፣ መጨረሻ ላይ አዳራሹ በሙሉ፣ ሹሙም ከረሜላዬ መላጣው ላይ እንደተለጠፈ። ምን እየተደረገ እንደሆነ ያወቀ አልነበረም። መምህሩ ሦስተኛውን መጽሐፍ እዚያው ቆሞ መጻፍ ጀመረ።

በማግስቱ ጠዋት ማሙሽ ቤቴን አንኳኳ። ጦጣውን ከነመሣሪያ ቀበቶው፣ ከነመሰላሉ ከኋላው አስከትሎታል። ተያይዘን ወደ ቲያትር ቤቱ ሄድን። ማሙሽ እናታችንን ቀና ብሎ አያት፣ ዓይኗ በሚያርፍበት በኩል የእግረኛ መንገዱ ላይ ቦታ መርጦ ቆመ፣ እጁንም አነሳ።

«በል ውጣ» አለው ጦጣውን። «እኔን ስታይ አንተን አታይህም።»

ጦጣው መሰላሉን የተበላሸው መብራት ምሰሶ ላይ አስደገፈና ትንሽ አመነታ። ወጣ። ግማሽ ላይ ሲደርስ እንደ ልማዱ ዘወር አለ፤ እሷን አየ፣ ማሙሽን አየ፣ ወደ ላይ ቀጠለ። እኔ ከታች ሆኜ መሰላሉን ይዤለታለሁ። አፌ ባዶ ነበር፣ ምናልባት ብዬ።

ማሙሽ እጁን እንዳነሳ አንድ ታክሲ ከፊቱ መጥቶ ገጭ ብሎ ቆመ። ሾፌሩ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ «ወዴት ነህ ጋሼ?» አለው።

«የትም አልሄድም» አለ ማሙሽ። «እናቴ እያየችኝ ነው።»

ሾፌሩ ዞሮ ሐውልቷን አየ፣ ማሙሽን አየ፣ ማርሹን አስገብቶ ሄደ። ላይ ጦጣው ሽቦውን ሲያገናኝ መብራቱ በጠራራ ፀሐይ ቦግ አለ። «በቃ ሠርቷል፣ አሁን እጅህን አውርድ» አልኩት።

አላወረደም።